መኪናችሁ የሚግለው ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ?

በዛሬው ዓምዳችን ብዙ ቤተሰቦችን መንገድ ላይ ያስቀረ፣ ኪሳቸውንም ያራቆተ አንድ ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም የሞተር መጋልና የኤሲ አልቀዘቅዝ ማለት ነው። የመኪና ባለቤቶች ብቻ ሳትሆኑ፣ ለሠርግ ወይም ለጉባኤ የሰው መኪና ተውሳችሁ የምትነዱ፣ በጎን ወንበር ተቀምጣችሁ የምትጓዙም ጭምር ልብ ብላችሁ አንብቡት።

የጥር ወር ሠርግን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የሙሽራው መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ እስከ አምቦ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲመጣ አንዳች ችግር አልታየበትም። ኤሲውም ቀዝቃዛ ነበር። ከተማ ውስጥ ግን አጃቢው ከፊት ከፊት እየዘመረ፣ ቪዲዮ ቀራጩም ወደ ኋላ እየተራመደ ሲቀርጽ መኪናው በሰው እርምጃ መጎተት ይጀምራል። ጥቂት ደቂቃ እንደ ቆየ ኤሲው ለብ ያለ አየር ይነፋል። ሙሽራዋ ፊቷን በመሐረብ ታደርቃለች። ሚዜዎቹ «ጋዝ አልቆበት ይሆናል» ይባባላሉ። ትንሽ ቆይቶ የሙቀት መርፌው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ይታያል።

120 ኪሎ ሜትር ሮጦ ያልጋለ መኪና በእግር ፍጥነት ሲሄድ ለምን ጋለ? የዚህን ጥያቄ መልስ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡንም፣ ሞተሩንም፣ የሠርጉንም ቀን ያተርፋል።

ሦስቱ የሚካፈሉት አየር

ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ከሚፈጠረው ሙቀት የሚበዛው ጎማ ለማዞር አይውልም፤ ስለዚህ መውጣት አለበት። ውሃው በፖምፓ እየተገፋ በሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱን ተሸክሞም በማኒኮቶው ወደ ራዲያተሩ ይመጣል። እዚያ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ አየር ያበርደዋል።

የኤሲም ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኤሲ ብርድ አይፈጥርም፤ ከመኪናው ውስጥ ያለውን ሙቀት ወስዶ ውጭ ይጥላል እንጂ። ሙቀቱን የሚጥለውም ኮንደንሰር በሚባል፣ ራዲያተር በሚመስል ክፍል በኩል ሲሆን፣ ይህ ክፍል በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ላይ የሚገኘው ከራዲያተሩ ፊት ነው። በመሆኑም ኤሲ በተከፈተ ጊዜ ራዲያተሩ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ በኮንደንሰሩ የሞቀ ነው።

ሁለቱም የሚፈልጉት የሚያልፍ አየር ነው። መኪናው በ60 ወይም በ80 ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ስለሚገባ ፋኑ ቢሠራም ባይሠራም ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም። መኪናው ሲቆም ግን አየሩን የሚስበው ፋኑ፣ መካኒኮች ቬንትሌተር የሚሉት፣ ብቻ ነው።

ፋኑ ሲደክም በብዛት ቀድሞ የሚያሳብቀው ኤሲው ነው። ሞተሩ ብዙ ብረትና ውሃ ስላለው ለመጋል ጊዜ ይወስዳል፤ ኤሲው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። ስለዚህ «ስንሄድ ይቀዘቅዛል፤ ስንቆም ይሞቃል» የሚል ቃል ስትሰሙ፣ ጋዝ ለማስሞላት ከመሮጣችሁ በፊት ፋኑንና የኮንደንሰሩን ንጽሕና እዩ። ኤሲው ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ገና ስላልጋለው ሞተርም እየነገራችሁ ነው።

ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት

«መኪናዬ ይሞቃል» ብሎ ጋራዥ መግባት፣ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ሐኪም ፊት እንደ መቀመጥ ነው። መቼ እንደሚሞቅ ንገሩት።

ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ የሚግል፣ ፍጥነት ሲያገኝ ግን የሚበርድ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በፋኑ ላይ ነው።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም መንገድ ወይም ዳገት ላይ የሚግል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአምቦ ወደ ወንጪ ሲወጣ ወይም ከጉደር ወደ ጌዶ ሲያቀና፣ ችግሩ በአብዛኛው በውሃው ዝውውር ላይ ነው። የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፖምፓ፣ የላላ ቺንጋ ወይም በትክክል የማይከፈት ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል።

ቆሞም ሄዶም የሚግል ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ ውሃው መጉደሉን፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ መኖሩንና ክዳኑን እዩ። ሞተሩ በርዶ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ስታስነሡት ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይጎዳ አይቀርም። ያኔ መንዳቱን ትታችሁ ለባለሙያ ስጡት።

ፋኑን ራሳችሁ ፈትሹ

ብዙዎቹ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ፋናቸው በኤሌክትሪክ ይዞራል። ሞተሩን አስነሡ፤ ኤሲውን ክፈቱ፤ ኮፈኑን አንሡና ፋኑን ተመልከቱ። በአብዛኛው መኪና ኤሲ ሲከፈት ፋኑ ወዲያው ወይም በአጭር ጊዜ ውስጥ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን እዩ። ቀጥሎ ሪሌውን ሞክሩ፤ የክላክሱ ሪሌ ቅርጹም ቁጥሩም አንድ ከሆነ ለጊዜው አለዋውጦ ማየት ይቻላል። ከዚያ መካኒኩ የፋኑን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ ያገናኘው። ከባትሪ ሲገናኝ ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፤ ጉድለቱ በሽቦው፣ በሪሌው ወይም ሙቀቱን በሚለካው ሴንሰር ላይ ነው። ካልዞረ ግን ያረጀው የፋኑ ሞተር ራሱ ነው። ይህን ሳያደርግ «ፋን ቀይሩ» የሚላችሁ ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ በትሕትና «እስቲ ከባትሪ ሞክርልን» በሉት።

የተቃጠለን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ መተካት እሳት መጋበዝ ነውና አታድርጉት።

ፋኑ ይዞራል፤ ነገር ግን መኪናው አሁንም ቆሞ ይግላል እንበል። አንድ ወረቀት በመኪናው ፊት ባለው ፍርግርግ ላይ አስጠጉ። ወረቀቱ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ወደ እናንተ ከገፋው ፋኑ በተቃራኒው እየዞረ ነው ማለት ነው። ይህ ፋን በተቀየረ ወይም ሽቦው በተነካካ ማግሥት የሚያጋጥም ስሕተት ሲሆን፣ ሁለቱን ሽቦዎች በማለዋወጥ ይስተካከላል።

ፒካፖችና ሚኒባሶች ላይ ብዙውን ጊዜ ፋኑ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ይዞራል፤ መሐሉ ላይም በወፍራም የሲሊኮን ዘይት የሚሠራ መያዣ አለው። ይህን የምትፈትሹት ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ነው። በእጅ ስታዞሩት ትንሽ ሊከብዳችሁ ይገባል። እንደ መጫወቻ ብዙ ዙር የሚዞር ከሆነ፣ ወይም መሐሉ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ምልክት ካለ፣ ዘይቱ ፈሶ መያዣው ደክሟል።

በፋኑ ዙሪያ ያለውን የፕላስቲክ ከለላም አትርሱ። «አያስፈልግም» ተብሎ ሲጣል ይታያል። እርሱ ከሌለ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ በኩል ሳይሆን ከጎንና ከኋላ ስለሚስብ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

በጊንጪና በአምቦ ዙሪያ ጤፍ በሚወቃበት ወራት በመንገዱ የሚበነው እብቅና ገለባ፣ በጋው ሲገፋም አቧራው፣ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ በመካከላቸው ግን አየር አያልፍም። ሞተሩ በርዶ ሳለ በለዘብታ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ አሳጥቡት። የላቫጆው ኃይለኛ ውሃ በቅርብ ከተተኮሰበት ስስ ክንፎቹን አጣጥፎ ጉዳቱን ያብሳል።

ማስጠንቀቂያም አለን። የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ድንገት ሊነሣ ይችላል። ነጠላ ለብሳችሁ፣ ክራቫት አስራችሁ ወይም ልጅ ይዛችሁ ወደ ፋን አትጎንበሱ።

ትንሹ ክዳንና ትልቁ ከፍታ

ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አምቦ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወንጪ ሐይቅ አካባቢ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ስለሚያልፍ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። የብዙ አውቶሞቢሎች ፋን የሚነሣው ደግሞ ውሃው 90 ዲግሪን ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ በእኛ ደጋ ውሃው ፋኑ ሳይነሣ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ማን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላና ጎማ ውሃውን በግፊት አፍኖ ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎበት የምታዩት የዚያን ግፊት ልክ ነው። ደህና ክዳን ያለው ራዲያተር አምቦ ላይ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ጤነኛው ሞተር እንኳ ዳገት ላይ ውሃውን አፍልቶ ይተፋዋል። ባለ መኪናው ግን ራዲያተር ያስበጥሳል፤ ፖምፓ ይቀይራል።

ክዳኑ መድከሙን እንዴት ታውቃላችሁ? ሲሞቅ ወደ ትርፍ ውሃ መያዣው የተገፋው ውሃ፣ ሲበርድ ተመልሶ መሳብ አለበት። ጠዋት መያዣው ሞልቶ ራዲያተሩ ግን ጎድሎ ከተገኘ፣ ወይም ማኒኮቶው ተጨምቆ ከተጣበቀ፣ ክዳኑን ጠርጥሩ። ስትገዙም ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን፤ ይበልጥ የጠነከረ ክዳን ያረጀ ማኒኮቶ ያፈነዳል።

«አገራችን ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» ተብሎ ቴርሞስታት ሲነቀልም ይታያል። ይህ ምክር ለደጋው አይሆንም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአምቦ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይፈጃል፤ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። የተበላሸ ቴርሞስታት የሚቀየር እንጂ የሚጣል አይደለም።

የአምቦ ውሃ ለሆድ ነው

የአምቦ ማዕድን ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ አገሩን ሁሉ ሲያጠጣ ኖሯል። ለራዲያተር ግን አይሆንም። በውስጡ ያለው ማዕድን ሲሞቅ፣ በቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት፣ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱም ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። የጉድጓድና የምንጭ ውሃም እንደየቦታው ይህን ያደርጋል።

የሚሻለው ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ መሙላት ነው። የተጣራ ስንል ለባትሪ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ነው፤ አሲዱን እንዳትወስዱ ሻጩን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፤ ውሃውም ከፍ ባለ ሙቀት እንዲፈላ ያደርጋል። ልዩ ልዩ ዓይነቶችን አትደባልቁ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ይህን አስተውሉ! ብዙው ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ግን ይጣፍጣል፤ ቀለሙም እንደ ለስላሳ መጠጥ ያምራል። የተረፈውን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጣችሁ ልጅ በሚደርስበት ቦታ በፍጹም አታስቀምጡ። የፈሰሰውንም እጠቡ፤ ውሻም ከብትም ይልሰዋል።

ችግሩ የኤሲው ብቻ ሲሆን

ፋኑ ደህና፣ የሞተሩ ሙቀት የተስተካከለ ሆኖ ኤሲው ካልቀዘቀዘ፣ ነፋሱን ለኩ። የሚወጣው አየር ጥቂት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከዳሽቦርዱ ኪስ ኋላ ያለው፣ በአቧራ የተደፈነው የአየር ማጣሪያ ነው። አየሩ ብዙ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ደግሞ ኤሲውን ስትከፍቱ ኮምፕረሰሩ «ቀጭ» ብሎ መያዙን አድምጡ። ካልያዘ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የጋዙ ማነስ ይሆናል። ከመኪናው ሥር ንጹሕ ውሃ ቢንጠባጠብ አትደንግጡ፤ ከአየሩ የተጨመቀ እርጥበት ነው። ያ ውሃ በተሳፋሪው እግር ሥር ከፈሰሰ ግን የመውረጃው ቱቦ ተደፍኗል።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም። ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። በየዓመቱ ቀዳዳውን ሳያስፈልጉ ጋዝ ማስሞላት ለነፋስ መክፈል ነው። የዘይት እርጥበት የታየበትን መጋጠሚያ አስፈትሹ፤ ከመሙላቱም በፊት በመሣሪያ አየሩና እርጥበቱ ከውስጡ እንዲሳብ ጠይቁ። በቆዩ መኪናዎች የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደርጓል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት በአብዛኛው አር 134 ኤ፣ የቅርቦቹ ደግሞ አር 1234 ዋይ ኤፍ ይወስዳሉ። ዓይነቱንና ልኩን በግራም የሚገልጽ ወረቀት ከኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ከልኩ ያለፈ ጋዝም ቅዝቃዜውን ይቀንሳል። ቡታ ጋዝ የሚሞላ ካለ ግን መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የሚቀጣጠል ነገር ነውና።

መንገድ ላይ ቢግልባችሁ

መርፌው ከተለመደው ቦታው ከፍ ማለት ሲጀምር ኤሲውን ዝጉ፤ መስኮቶቹን ክፈቱ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ደስ አይልም፤ ነገር ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። መርፌው ካልወረደ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። እንፋሎት ከታየ ወዲያው አጥፉ። «ጉደር ቅርብ ነው፤ እንድረስ» በማለት የተነዳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቴስታታ ሲያጎብጥ፣ በክዳን ወይም በፊውዝ ያልቅ የነበረውን ነገር ሞተር ወደ ማስፈታት ያደርሰዋል።

ክዳኑን በጋለበት አትክፈቱ። ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው ፊት ላይ ይፈነዳል፤ ጨርቅ ደርቦ መክፈትም አያድንም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ማኒኮቶው በእጅ እስኪያዝ ድረስ ጠብቁ። ልጆችን ከመኪናው ፊት አርቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትቸልሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። ከበረደ በኋላ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ሰው ቢቃጠል ቁስሉን በንጹሕና ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ለ20 ደቂቃ አብርዱ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ፤ ከዚያ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ልጆችን ኤሲ በተከፈተ መኪና ውስጥ ዘግቶ ወደ ጉባኤ ወይም ወደ ሱቅ መግባትም ይቅር። ፋኑ ቢቆም ኤሲው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሞተሩም ይግላል፤ መርፌውን የሚያይ ግን የለም።

ለባልና ለሚስት

በብዙ ቤት መርፌውን የሚያውቀው ነጂው ብቻ ነው። ነገር ግን ኤሲው መለወጡን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስተውለው በጎን የተቀመጠው ሰው ነው። «ቆመን ስንጠብቅ ይሞቃል እኮ» ስትለው፣ «ኤሲ ከመውደድሽ ነው» ወይም «አሁን ገንዘብ የለም» ብሎ የሚያልፈው ባል የነገረችውን አልሰማም። የተናገረችው ቅሬታ አልነበረም፤ መካኒክ ገንዘብ ተቀብሎ የሚፈልገውን ምልክት በነፃ ነገረችው። ሚስት ነጂ፣ ባል ተሳፋሪ በሆነበት ቤትም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን አብራችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። የመርፌው ደህና ቦታ የት እንደ ሆነ ሁለታችሁም እወቁ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ውሃውን እዩ፤ ኤሲውን ከፍታችሁ ፋኑ መዞሩን ተመልከቱ፤ ወረቀቱንም በፍርግርጉ ላይ ሞክሩ። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ያለንን መኪና ብዙ ዓመት መያዛችን አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ብትሆኑ ፋንና ኮንደንሰር አላችሁ፤ በብዙዎቹ ላይም ባትሪውን የሚያበርደው ይኸው የኤሲ ጋዝ ስለሆነ የኤሲን ብልሽት አትናቁ። ብርቱካናማ ሽቦዎቹን ግን በራሳችሁ አትንኩ፤ የሚገድል ኃይል ይተላለፍባቸዋል።

ጋራዥ ስትገቡም መቼ እንደሚግል ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ንገሩ፦ ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ? በሰላም ግቡ፤ ጌታ ጉዟችሁን ይባርክ።